ቀይ የጎደለው ሽቦ

እግዚአብሔር ለየሠፈሩ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ወፍጮ ቤትና አንድ «እኔ እያለሁ» ሰጥቷል። ወፍጮ ቤቱ በበዓል ይዘጋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቅዳሴ ሲያልቅ ይቆለፋል፤ «እኔ እያለሁ» ግን መዘጊያ የለውም። በሩ ተንጋደደ ብላችሁ አናጢ ልትጠሩ ስትነሱ ከየት መጣ ሳይባል ደጃፋችሁ ላይ ይቆምና እጅጌውን እየሰበሰበ «እኔ እያለሁ?» ይላችኋል። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም። እሱ ነካክቶት ከሄደ በኋላ በሩ ዳግመኛ አይንጋደድም፤ አይከፈትማ!

የደባርቁ «እኔ እያለሁ» ክቡር መምህር ደርቤ ናቸው። ስፖርት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤቱን የጠዋት ሰልፍ የመሩ፣ ፊሽካቸው ሲነፋ እንኳን ተማሪው በአጥሩ ሥር የሚያልፍ አህያ የሚቆምላቸው ሰው ናቸው። ባንዲራ ሲሰቀል ያስነጠሰ ተማሪ ሜዳውን ሲዞር ይውል ነበር። ጡረታ ለሌላው ሰው ማረፊያ ነው። ለእሳቸው ግን ሥራ የፈታ እጅ ሆነባቸው፤ ያ እጅ የሚነካካው ነገር ፍለጋ መጀመሪያ የገባው የገዛ ቤታቸው ነው።

ወይዘሮ ይመኙሻል ባለቤታቸው ናት። ስለ መብራት የምታውቀውን ሁሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ በማስረዳት ሳይሆን በማስነዘር። ፍሪጇን የምትከፍተው በላስቲክ ነጠላ ጫማ ቆማ፣ መጀመሪያ እጀታውን በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ፣ ዝም ካላት በኋላ ነው። ካውያው ሲሰካ የበረንዳው አምፑል ይበራል። የመኝታ ቤቱን መብራት ለማጥፋት ወጥ ቤት ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ግቢ የማይነክስ ነገር ቢኖር ውሻው ብቻ ነበር። ስትማረር መምህር አንድ መልስ ነበራቸው፤ «ሽቦ ምን አለው? ጫፍና ጫፍ ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሳንሞት ባለሙያ እናስመጣ።»

«ባለሙያ? እኔ እያለሁ?»

ይህች ቃል አንጀቷን ስታሳርረው ኖራለች። ሰው ሲሰማት «እኔ አለሁላችሁ» የምትል ትመስላለች። ይመኙሻል ግን የሚሰማት «አንቺ የለሽም» ስትል ነው። ሠላሳ ዓመት «አንቺ የለሽም» እየተባለ የኖረ ሰው ቢመርረው አይፈረድበትም።

ይመኙሻል ምግብ አዋቂ ናት። ለሾፌሩና ለአስጎብኚው ምሳ ታቀርባለች፤ ከስሜን ተራራ ጉልበቱን እያሻሸ የወረደ ፈረንጅም አንዳንዴ ጎራ ይልላታል። ሚሊኒየሙ ከገባ ወዲህ ቱሪስቱ በዛና ጎንደር ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ከተራራ የሚመለሱ እንግዶቹን ሁሉ እሷ ቤት እራት ሊያበላ አሰበ። ነገሩን የያዘችው ሲሲ የምትባል ፈጣን፣ ጨዋ የድርጅቱ ሠራተኛ ናት። ይመኙሻል ይህን ወሬ ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዕድሜዋን ሙሉ «የመምህር ሚስት» ስትባል ኖራለች፤ «የይመኙሻል ቤት» የሚባል ነገር በደባርቅ ሳይሰማ መሞት አልፈለገችም። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ሲሲ ወጥ ቤቱን አይታ ወደደችው። ከሁሉ አብልጣ የወደደችው አያ ጅቦን ነው።

አያ ጅቦ ቆሻሻ የሚፈጭ ሞተር ነው። በደባርቅ ይሠሩ የነበሩ ባልና ሚስት ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይመኙሻል የወጥ ቤት ዕቃቸውን ከነብረት ላቫንዲኖው ገዛቻቸው፤ ሞተሩ ከላቫንዲኖው ሥር ተንጠልጥሎ መጣ። ልጣጩንና ትርፍራፊውን በላቫንዲኖው ቀዳዳ ጨምረው፣ ውኃ ለቀው ማብሪያውን ሲጫኑት እያጉረመረመ ይሰለቅጠዋል። ስሙን ያወጣለት ሠፈሩ ነው። ልጣጩ ለበግ፣ አጥንቱ ለውሻ፣ አተላው ለከብት ተደልድሎ ባለቀበት አገር፣ ያውም ውኃ ሲመጣ መብራት በሚሄድበት ከተማ፣ ቆሻሻ የሚበላ ማሽን ማስገባት ጉድ አሰኝቷል። በይበልጥ የተቆጣችው የጓሮ ጎረቤቷ ደብሪቱ ናት፤ በጓ የይመኙሻልን ልጣጭ እየበላ ነበር ያደገው።

«ጅብ በግ ሲበላ አይተናል» አለች ደብሪቱ፣ «የበግ ቀለብ ሲበላ ግን ባንቺ ቤት አየን።»

ይሁን እንጂ ውኃውና መብራቱ የተገጣጠሙ ዕለት ወጥ ቤቱ ዝንብ የለበትም፤ ሽታ የለበትም። ሲሲም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ፈረንጅ ሆዱን ይፈራላ።

አያ ጅቦን የገደሉት መምህር ደርቤ ናቸው። እንግዶች በተሰበሰቡበት ጉልበቱን ላሳያችሁ ብለው የበሬ ቅልጥም ጨመሩበት። ይመኙሻል እጃቸውን ልትይዝ ስትሮጥ «ይፈጨዋል! እኔ እያለሁ!» አሏት። አልፈጨውም። አንዴ አቃሰተ፣ ጢስ ተፋ፣ ዝም አለ። መምህር ቅልጥሙን አውጥተው አገላብጠው አዩትና «በሬው አርጅቶ ነው» አሉ።

ሲሲ ጎንደር ውስጥ እድሳት ላይ ከነበረ አንድ ሆቴል ምትኩን አግኝታ፣ እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሚኒባስ ላከችው። ስልክም ደወለች። «እትዬ ይመኙሻል፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ የመጨረሻውን አያለሁ። ደስ ካለን በዚያው እንፈራረማለን። አደራ፣ በባለሙያ ይገጠም!»

ይመኙሻል ዳባት ላለው የመብራት ባለሙያ ለአንሙት ደወለች። የደወለችውም ከአጥሩ ጥግ ተሸጉጣ፣ ድምፅዋን አፍና ነው፤ ላየ ሰው ውሽማ የምትቀጥር ትመስል ነበር። «ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ና፤ ለማንም እንዳትናገር» አለችው። አንሙት ለማንም አልተናገረም። ከአጥሩ ወዲያ ግን ደብሪቱ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤ ደብሪቱ የሰማችውን ደግሞ ደባርቅ ሳይሰማው አያድርም።

ቅዳሜ ነጋ። ይመኙሻል ዶሮዋን ገነጣጥላ፣ ሽንኩርቷን አቁላልታ፣ ጠበቀች። ሚኒባሱ ገባ፤ አንሙት የለም። ሌላው ገባ፤ የለም። ደወለችለት።

«ምነው አንሙት፣ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ደርሼ ነበር እኮ! መምህር መናኸሪያው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ጥብስ ጋበዙኝ፤ ቢራም ጨመሩልኝ። ሥራው አልቋል ብለው በመጣሁበት ሚኒባስ ሸኙኝ። እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው!»

«ደግ ነው» አለች ይመኙሻል ስልኩን እየዘጋች፤ «ደግነቱ ይድፋውና!»

ወጥ ቤት ስትገባ ከላቫንዲኖው ሥር ሁለት ባዶ እግሮች ወጥተዋል። ክቡር መምህር ጫማቸውን አውልቀው፣ በጀርባቸው ተንጋለው፣ አዲሱን አያ ጅቦ ሰቅለው ወደ ሽቦው ደርሰዋል። ካቻቢቴያቸው የሽንኩርት ቢላዋ ነው። ለሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ስላልነበራቸው ለቁስል የሚሆነውን ፕላስተር ቆራርጠው ግንባራቸው ላይ ደርድረዋል።

«ያንን ልጅ ለምን መለስከው?» አለች።

«ለሦስት ሽቦ ከዳባት ድረስ ሰው ማንገላታት ነውር ነው። ይልቅ ነይ ጉድ ላሳይሽ።»

ከግድግዳው የወጡት ሽቦዎች ቀይና ጥቁር ናቸው። ከሞተሩ የወጡት አንድ ቡኒ፣ አንድ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ደግሞ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም አንድ ላይ የተቀባ። መምህር ይህን ሦስተኛውን በሁለት ጣታቸው በክብር ይዘውታል።

«አየሽው? አረንጓዴ አለ፤ ቢጫ አለ። ቀዩ የታለ?»

«ከቀዩ ምን አለን?»

«ባንዲራ እኮ ነው፣ ይመኙሻል! ሠላሳ ዓመት የሰቀልኩትን እኔ አላውቅም? ፈረንጁ ሲሠራው ቀዩን አጉድሎታል። የመጀመሪያውም የተቃጠለው በዚሁ መሆን አለበት። ከግድግዳው የመጣውን ቀይ ከዚህ ጋራ ስናስረው ሙሉ ይሆናል።»

«ሰማያዊውስ?»

መምህር ደርቤ አንገታቸውን ከላቫንዲኖው ሥር አውጥተው መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ በሩን አዩ። በዚያ ዘመን ባንዲራው መሀል ስላለው ሰማያዊ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ወይ ካድሬ ነው፣ ወይ ሊታሰር የቸኮለ ነው።

«ሰማያዊውን ተይው» አሉ በሹክሹክታ። «ልሙጡ ይበቃናል።» በሽንኩርት ቢላዋው ሰማያዊውን ከሥሩ ቆረጡት። የተረፉትን ቡኒና ጥቁር ደግሞ «ሁለቱም ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ይዋደዳሉ» ብለው አጋቧቸው።

አገር ወዳድነታቸውን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ያ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ባንዲራ አልነበረም፤ ከሞተሩ አምልጦ ብረቱ ላይ የወጣውን መብራት ወደ መሬት የሚሸኝ ሽቦ ነው፤ ስለዚህም ከብረቱ ጋር የተያያዘ ነው። ቀዩ ደግሞ መብራቱን ከቆጣሪ ይዞ የሚመጣው ነው። ሁለቱን ማሰር ማለት መብራቱን በቀጥታ ላቫንዲኖው ላይ መልቀቅ ማለት ነው። ማብሪያው ሲጫን አያ ጅቦ አይፈጭም፤ የነካውን ሁሉ ግን ይነክሳል።

ይመኙሻል ይህን አላወቀችም። የባሏን እጅ ግን ታውቀዋለች። ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፤ የገንፎ ማማሰያዋን ከተሰቀለበት አውርዳ አጠገቧ አስቀመጠች። «ተው» ልትል አፏን ስትከፍት የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሲሲ ናት።

ሲሲ ወጡን ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች። የታጠበውን ወለል አየች፤ የተደረደረውን ሳህን አየች። «እትዬ፣ ፐርፌክት ነው! አሁን አያ ጅቦን ላየውና እንጨርስ» አለች። ደብሪቱም ዕድሉ እንዳያመልጣት በጓን አስከትላ በጓሮ በር ብቅ ብላለች።

መምህር ልብሳቸውን አራገፉ። በባዶ እግራቸው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ፤ የሽንኩርቱን ልጣጭ በቀዳዳው ጨመሩ፤ ቧንቧውን ከፈቱ። «ተጠንቀቅ!» ሲሉ ሲሲ ሳቀች። ማብሪያውን ተጫኑት።

ዝም።

«ቀዝቅዞ ነው፤ ትንሽ ይቆያል» አሉና የሞተሩን ድምፅ ለመስማት ጎንበስ ብለው የላቫንዲኖውን ከንፈር ያዙ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መብራት ደግሞ የያዘውን ሞኝ አይለቅም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር፤ መብራት ለማንም አንቱ አይልም። ደርቤ ጥርሱ ገጠመ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ክንዱ ተገተረ፣ ከጉሮሮው የሰው የማይመስል ድምፅ ወጣ። ደብሪቱ «ሚካኤል!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሲሲ ልትጎትተው ስትሮጥ ይመኙሻል በክርኗ ገፍትራ ጣለቻት፤ በመብራት የተያዘን ሰው የያዘ አብሮ እንደሚሄድ ከዚያ ቤት በላይ የት ይማሩታል? ማማሰያውን በሁለት እጇ አነሣች።

«እኔ እያለሁ!» ብላ ጮኸች። «እኔ እያለሁ የት ልትሄድ! እኔ እያለሁ!»

ክንዱን መታችው። እጁ ከብረቱ ተላቀቀና ደርቤ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመችው።

ደብሪቱ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። «የመጀመሪያውስ ሊያድኑት ነው እንበል፤ ሁለተኛው ምንድን ነው?» ስትላት፣ ይመኙሻል «ሁለተኛው የፍሪጁ ነው» ትላለች።

ደርቤ ተነፈሰ። መዳፉ ተቃጥሎ ስለነበር ጤና ጣቢያ ወስደው አሰሩለት። ሲሲ እያለቀሰች ይመኙሻልን አቅፋ ስማት ሄደች። የውሉ ወረቀት ከቦርሳዋ አልወጣም። በሳምንቱ ደወለች።

«እትዬ፣ እግዜር ያውቃል እወድዎታለሁ። ግን ያ ሰው እንግዳ ቢሆን ኖሮስ?»

ይመኙሻል «እውነትሽን ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች። የፈረንጆቹ እራት መናኸሪያው አጠገብ ላለ ሌላ ቤት ተሰጠ። ማታ ማታ መኪኖቹ በደጇ ሲያልፉ፣ ከውስጥ የሚያበሩት ፊቶች ለእሷ የታሰቡ እንደነበሩ እያወቀች፣ ጎመኗን ትከትፋለች። ባሏን ከሞት አውጥታለች፤ ተመስገን ማለት አለባት። አለችም፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ነው። እሱ ድኖ «የይመኙሻል ቤት» ሞተ። ለእሱ መትረፍ ደባርቅ መጥቶ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈው አለ፤ ለእሷ ምኞት መሞት ግን የመጣ ለቀስተኛ የለም።

አንሙት ከዳባት መጣ። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ሰክቶ፣ ከአንዲት ሴት ጋር እየተጨቃጨቀ የቤቱን ሽቦ ሁሉ አደሰ። ላቫንዲኖው ሥር ሲገባ ብቻ ስልኩን ዘጋ።

«ይኼን ማን ነው ያሰረው?»

ደርቤ ግድግዳውን አየ። «ቀይ ሲጎድለው አይቼ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አገሩን በላቫንዲኖ ሥር ሊያቆም!» አለች ይመኙሻል።

አያ ጅቦ ተነቅሎ ወጣ፤ ልጣጩ ወደ ደብሪቱ በግ ተመለሰ። ፍሪጁ መንከሱን ተወ። ካውያው ሲሰካ በረንዳው አይበራም። ይመኙሻል ግን እጀታውን በእጇ ጀርባ ነካ ሳታደርግ አትከፍተውም፤ የለመደ እጅ አያምንም።

ደርቤም እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ የጎረቤት በር ሲንጋደድ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ፣ ቁስሉን ስታጥብለት፣ «ቃሌን ወሰድሽብኝ» አላት።

«የምን ቃል?»

«ያን ቀን ሰምቼሻለሁ። ጆሮዬ አልተያዘም ነበር።»

«አንተ ሠላሳ ዓመት ስታበላሽባት አንድ ቀን እኔ ሠራሁባት» አለችና ፋሻውን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

በጊዮርጊስ ዕለት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ስብከት ሲጀመር፣ የደብሩ ድምፅ ማጉያ ተንጫረረና ጠፋ። ሕዝቡ ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ደርቤ ዞረ። ያ ቃል እስኪመጣ አንዳንዱ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። ይመኙሻል ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችው። ደርቤ የተጠባሰ መዳፉን ጋቢው ውስጥ ከተተና፣ «ባለሙያ ይጠራ» አለ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ይህን ሠላሳ ዓመት ስትለምን አልኖረችም? ግን ንድድ አላት። እንዲያውም በእሱ ላይ ተናድዳ የማታውቀውን ያህል ተናደደች። ሕልሟን የበላባት ሰውዬ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቱን ሰብሮ ሲያያት ውስጧ አንድ ነገር ፈረሰ። እሱም ያንን ቃል ካልተናገረ፣ ከዚያ ሁሉ ጥፋት ምን ሊተርፋት ነው?

ቤት እንደገቡ ነጠላዋን ሳታወልቅ ትንሿን ሬዲዮ ከመደርደሪያው አወረደች። ጀርባዋን ከፍታ አንዲት ቀጭን ሽቦ በጥፍሯ ፈነቀለች። ከዚያ በረንዳ ወጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ደርቤ፣ ይቺ ሬዲዮ ተዘጋችብኝ።»

«አንሙትን ጥሪው» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ለሬዲዮ? አንተ እያለህ?»

ደርቤ ቀስ ብሎ ዞረ። ሬዲዮዋን አየ፤ እሷን አየ። ደህናው እጁ ሳያዝዘው ወደ እጅጌው ሄደ።

«እስቲ ያንን የሽንኩርት ቢላዋ አምጪልኝ» አለ።

አመጣችለት። የባትሪ ድንጋዮቹን ግን አስቀድማ አውጥታ በመቀነቷ ቋጥራቸዋለች። ከዚያም ዱካ ስባ ማማሰያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ከጎኑ ተቀመጠች።